ማኅደሩ የተሰቀለበት ኩላብ



ስለ ትልልቅ ድርጅቶች የመረጃ አያያዝ እንድናገር ስትጋብዙኝ በዓይነ ሕሊናዬ የመጡት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አንዲት እናት ናቸው። ከዓመታት በፊት እኔ እሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት፣ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ገና አርባቸው አልወጣም። የሚፈልጉት አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ሟች በመሥሪያ ቤቱ ስንት ዓመት እንዳገለገሉ የሚገልጽ ማስረጃ። ያለዚያ ወረቀት የተተኪ ጡረታቸው አይታሰብላቸውም።

ወጣቱ ባለሙያ የሟችን ስም ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፈ። «አልተገኘም» አለው። ደግሞ ሞከረ፤ አልተገኘም። «እማማ፣ ለሳምንት ይመለሱ» አላቸው። በሳምንቱ መጡ፤ ለሌላ ሳምንት ተቀጠሩ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ በእውነት ፈልጎ አጥቶ ነው። በአራተኛው ምልልስ፣ «እትዬ» እያልን የምንጠራቸው የመዝገብ ቤቱ አንጋፋ ሠራተኛ ቡናቸውን ጠጥተው ሲመለሱ አዩአቸውና ጉዳያቸውን ጠየቋቸው። የሟችን ስም ሲሰሙ ቆም አሉ። «እንዴ! ከአሰብ ተዛውረው የመጡት ናቸው እንዴ?» አሉ። ቁልፋቸውን ይዘው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዳር ዳሩ የተበላ ቡናማ ፋይል አቧራውን እያራገፉ ይዘው ወጡ።

ፋይሉ አልጠፋም ነበር። ሟች በ1978 ዓ.ም. ከአሰብ ሲዛወሩ ማኅደራቸው «ተዛውረው የመጡ» በሚል ክላሴር ውስጥ ገባ፤ ቅርንጫፉ ከተዘጋ በኋላ ከእትዬ በቀር ያን ክላሴር የሚያስታውስ ሰው አልቀረም። ኮምፒዩተሩ ላይም ነበሩ። ነገር ግን በቅጥር ደብዳቤያቸው ላይ «ኃይለ ሥላሴ» የተባሉትን ሰው መረጃ አስገቢው «ሀይለስላሴ» ብሎ ነው የጻፋቸው። ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት።

ያን ዕለት ሁላችንም ደስ አለን፤ እትዬም ተመሰገኑ። እኔን ግን ማታ አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። እትዬ የዓመት ፈቃድ ላይ ቢሆኑስ ኖሮ? ቡና ለመጠጣት ባይወጡስ? እኚያ እናት «ፋይሉ ጠፍቷል» ተብለው ይሸኙ ነበር። በመቶ የሚቆጠር ሠራተኛ፣ ባለ ፎቅ ሕንፃ፣ ውድ ሰርቨር ያለው መሥሪያ ቤት ትዝታው በሙሉ በአንዲት ሴት ጭንቅላትና መሳቢያቸው ውስጥ በምትገኝ አንዲት የተማሪ ደብተር ላይ ነበር። ስለ ደብተሯ በኋላ እመለስበታለሁ።

«ማኅደር» የምንለውን ቃል ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ ፋይል ለማለት እንጠቀምበታለን፤ የግል ማኅደር፣ የክስ ማኅደር እንላለን። በግዕዙ ማደሪያ ማለት ነው። በየገዳሙና በየደብሩ ግን ማኅደር የሚባለው የብራና መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ ከረጢት ነው፤ ጠፍር አለው፤ ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ኩላብ ላይ ይሰቀላል። አይጥ አይደርስበትም፣ ከመሬት የሚመጣ እርጥበት አያገኘውም። ዕቃ ቤት ጠባቂው ዳዊቱ የትኛው ኩላብ ላይ እንደሆነ፣ ግብረ ሕማማቱ የትኛው ላይ እንደሆነ በጨለማም ያውቃል። እሱ ሲያርፍ ተተኪው ያውቃል፤ ምክንያቱም ኩላቡ አይነቃነቅም።

አያቶቻችን ከዚህም የረቀቀ ዘዴ ነበራቸው። የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭ፣ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ዝርዝር የሚጻፈው የት ነበር? በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ። በብዙ አድባራት «የወርቅ ወንጌል» የሚባለው መጽሐፍ የእግዚአብሔር ቃል መያዣ ብቻ አልነበረም፤ የአካባቢው የመሬት መዝገብም ነበር። በጎንደር ዘመን የተጻፉ የርስት ሽያጭና የውርስ ማስታወሻዎች፣ ምስክሮቻቸው በስም እየተጠሩ፣ ዛሬም በመጻሕፍቱ ላይ ይነበባሉ። የታሪክ ተመራማሪዎች ስለ አገራችን የመሬት ሥሪት ከሚያውቁት ብዙውን ያገኙት ከእነዚህ ኅዳጎች ነው። የፋቀውና የሰረቀው በሐዋርያት ሥልጣን ውጉዝ እንዲሆን ከሥሩ ይጻፍበታል።

ይህን የሠሩት ሰዎች የመረጃ አያያዝ ጥበብ ገብቷቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። ንጉሡ ይሞታል፣ ባለጉልቱ ይሻራል፣ ከተማው ይዛወራል። ወንጌሉ ግን በልማድ ከዚያ ደብር አይወጣም፤ ሊያቃጥለው የሚደፍርም ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚያልፈውን ጉዳይ ከማያልፈው ነገር ጋር አሰሩት። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። ትልቅ ድርጅት መረጃውን በእሳትና በሌባ ከሚያጣው ይልቅ፣ በሚያልፍ ነገር ላይ ስለሰቀለው የሚያጣው ይበልጣል።

በእኛ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ከሁሉ ፈጥኖ የሚያልፈው የመዋቅር ስም ነው። በዕድሜያችን ገፋ ያልን ሰዎች እናስታውሳለን፤ መምሪያ ነበር፤ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ሲመጣ ዋና የሥራ ሂደት ተባለ፤ ቀጥሎ ዳይሬክቶሬት፣ ቀጥሎ ሥራ አስፈጻሚ። ወደ ላይ ከወጣን የፌዴራል አስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስነው አዋጅ በ2003 ዓ.ም. ቁጥር 691፣ በ2008 ቁጥር 916፣ በ2011 ቁጥር 1097፣ በ2014 ቁጥር 1263 ሆኖ ወጥቷል። በ11 ዓመት አራት ጊዜ ማለት ነው። መዋቅር መለወጡን አልቃወምም፤ የሚለወጥበት ምክንያት ይኖረዋል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ ምድር ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ፋይሎቹ የተደራጁት በመምሪያው ስም ነው። መምሪያው ለሁለት ሲከፈል ፋይሉም ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ሌላ ሕንፃ ይሄዳል፤ የርክክብ ሰነዱ «ልዩ ልዩ ፋይሎች፣ 40 ማዳበሪያ» ይላል። አዎ፣ ማዳበሪያ። በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የገባ መዝገብ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ አላየሁም።

ሥራው ግን አልተለወጠም። መምሪያ ተባለ ሥራ አስፈጻሚ፣ ሰው ይቀጠራል፣ ዕቃ ይገዛል፣ ፈቃድ ይሰጣል፣ ቅሬታ ይሰማል። ፋይሉ በክፍሉ ስም ሳይሆን በሥራው ዓይነት ቢመደብ ኖሮ፣ ቅጥር በቅጥርነቱ፣ ግዥ በግዥነቱ ኮድ ቢሰጠው፣ የበር ላይ ጽሑፉ አሥር ጊዜ ቢቀየር ማኅደሩ ከኩላቡ አይወርድም ነበር። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ የመዛግብት ሙያ ሰዎች በዓለም ዙሪያ የሚስማሙበት ነው። የእኛ ችግር ግን ምደባውን የሚሠራው ሰው በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ አለመኖሩ ነው። መዋቅር ሲጠና የመዝገብ ቤት ኃላፊ ተጠርቶ ያየ እጁን ያውጣ።

ስለ ስም ደግሞ ትንሽ ቆም ልበል፤ የእኛ የሆነ ነገር ስላለው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም በወረቀት ላይ ጻፉት። የመጀመሪያውን ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ብሎ በስድስት መንገድ መጻፍ ይቻላል። «ሥ» በንጉሡም በእሳቱም ይጻፋል፤ ሁለት። «ሴ» እንዲሁ ሁለት። ሁለቱን ቃላት መለያየት ወይም ማጋጠም፤ ሁለት። አባዙት፦ 48 ይመጣል። አንድ ሰው፣ አንድ የክርስትና አባት ያወጣለት ስም፣ በኮምፒዩተር ውስጥ 48 ሰው ሊሆን ይችላል። ይህ ገና የአባት ስም ሳይጨመር ነው፤ በላቲን ፊደል የተጻፈው ፓስፖርትም ሳይቆጠር።

ፊደሎቻችን ይቀነሱ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሠዐሊው በንጉሡ ሠ መጻፉን፣ ዓይኑ ዐ ከአልፋው አ መለየቱን እወዳለሁ፤ የግዕዝ ሥራቸውን የሚነግሩን እነሱ ናቸው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባም ሁሉም በየራሳቸው ቁጥር ተመዝግበዋል፤ ትክክልም ነው። መፍትሔው ፊደሉን መጣል አይደለም፤ ማሽኑን ማስተማር ነው። ባለቤቱ ስሙን እንደጻፈው ይቀመጥ፤ ፍለጋው ግን ሞክሼ ፊደሎቹን እንደ አንድ ቆጥሮ ይፈልግ። ይህን ማድረግ ለአንድ ጥሩ ፕሮግራመር የጥቂት ቀን ሥራ ነው። የአይሲቲ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ፣ ሲስተም ስትገዙም ሆነ ስትሠሩ ይህን ጥያቄ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ «ጸሐይ» ብዬ ብፈልግ «ፀሐይ» ታመጣልኛለህ? አላመጣም ካለ ለአማርኛ አልተሠራም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የሕግ መሠረት ያገኘው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ቁጥርም ለዚህ ትልቅ እገዛ አለው፤ ስም በ48 መንገድ ይጻፋል፣ ቁጥር ግን አንድ ነው።

ዩኒኮድ ከመምጣቱ በፊት ስለተጻፈውም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና ሌሎችም ሶፍትዌሮች አማርኛን በኮምፒዩተር እንድንጽፍ መንገድ የከፈቱልን ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ ፊደሎቹን ያስቀመጠው በራሱ ቦታ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ውስጥ በዚህ ሁኔታ የተኛ የቃለ ጉባኤ፣ የጥናትና የደብዳቤ ክምችት አለ። ወደ ዩኒኮድ መመለስ ይቻላል፤ መሥሪያዎቹ አሉ። ግን በየዓመቱ ኮምፒዩተሩ በንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ተሸጦ ይወጣል፤ ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ያለውን የሚያይ የለም። ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ይየው።

ስለ ቀን ብዙ አልልም፤ አንድ ሕግ ይበቃል። «04/05/2012» ተብሎ የተጻፈ ሰነድ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጆቹ? ሰባትና ስምንት ዓመት የሚያራርቅ ጥያቄ ነው። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ያልተጻፈበት ቀን ወደ ሲስተሙ አይግባ።

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። ኃላፊው ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ በስልኩ ፎቶ ያነሣዋል፤ ወደ ቴሌግራም ግሩፑ ይልካል፤ ከሥሩ «አስቸኳይ፣ ዛሬውኑ ይታይ» ይላል። ባለሙያው መልሱን አዘጋጅቶ እዚያው ይለጥፋል። ኃላፊው አውራ ጣቱን ያወጣል። ውሳኔ ተሰጠ፤ ገንዘብ ወጣ፤ ሥራው ተሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦዲተር መጥቶ «በምን ትእዛዝ?» ሲል የሚቀርብለት ምንድን ነው? ኃላፊው ተቀይሯል። ባለሙያው ለቅቆ ሌላ ቦታ ተቀጥሯል፤ ግሩፑንም ለቅቋል። ወረቀቱ ስለሌለ እዚያ ቤት በቀረው ልጅ ላይ ይፈረዳል። ያለ ጥፋታቸው በዚህ መንገድ የተጎዱ ሰዎችን አውቃለሁ።

ፍጥነቱን አልጠላም። ደብዳቤ በሞተረኛ ሲሄድ ሦስት ቀን የሚፈጀው ዛሬ በሦስት ደቂቃ ይደርሳል፤ ለክልል ቅርንጫፎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን አስቡት፤ ተራው የአማርኛ የሥራ ደብዳቤያችን ምን ያህል በሚገባ የታሰበበት ነገር ነው! ከላይ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፤ «ጉዳዩ» ብሎ ስለ ምን እንደሆነ በአንድ መስመር ይናገራል፤ ከታች ፊርማ፣ ቲተርና ማኅተም አለበት፤ «ግልባጭ» ብሎ ማን ማን እንደሚያውቀው ይዘረዝራል። ወጪ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ቦታ አገኘ ማለት ነው። የውጭ አማካሪዎች በብዙ ገንዘብ ሊያስተምሩን የሚመጡትን ስለ መረጃ የሚናገር መረጃ፣ አያቶቻችን በአንድ ገጽ ራስጌና ግርጌ ላይ አስቀምጠውልናል። ወደ ቴሌግራም ስንሻገር ግን ፎቶውን ብቻ ወስደን ቁጥሩን ጣልነው። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው፦ ውሳኔው በስልክ ይሰጥ፤ ማታ ከመውጣታችሁ በፊት ግን ቁጥር ተሰጥቶት መዝገብ ላይ ይስፈር። በዚያ ላይ የባለጉዳይ መታወቂያና የሕክምና ወረቀት በግሩፕ መለጠፍ ከአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወዲህ የሕግ ጥያቄም ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷልና።

ስካን ስለማድረግም ብዙ ተስፋ እንሰማለን። «ሁሉንም ዲጂታል አድርገናል» ሲባል ሄጄ ያየኋቸው ቤቶች አሉ። በሺህ የሚቆጠር ምስል፣ ስሙ «ስካን 0457»፣ «ስካን 0458» እያለ ይቀጥላል። የተዘበራረቀ መዝገብ ቤት ስካን ሲደረግ የተዘበራረቀ ሰርቨር ይሆናል። ልዩነቱ፣ በመደርደሪያው ላይ እትዬ ቢያንስ የፋይሉን ቀለም ያስታውሱ ነበር። ምስልን ወደ ፊደል የሚቀይሩ ሶፍትዌሮች ዛሬ አማርኛም ያነባሉ፤ በኮምፒዩተር የታተመውን ደህና አድርገው ያወጡታል፤ የደበዘዘ የካርቦን ቅጂና የእጅ ጽሑፍ ላይ ግን ይቸገራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ መደርደር፣ መቁጠር፣ መሰየም፤ ማሽኑ ከዚያ በኋላ።

የማይጠቅመውን ማስወገድም የዚሁ ሥራ አካል ነው፤ ሁሉን ያስቀመጠ ምንም አያገኝም። ነገር ግን የሚጣለውን የሚወስነው ማነው? የእንግሊዝን ነገር ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1948 ኤምፓየር ዊንድረሽ በተባለች መርከብ ከካሪቢያን የመጡ ሰዎች ቲልበሪ ወደብ ላይ ወረዱ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ብዙዎች መጡ፤ ልጆችም በወላጆቻቸው ፓስፖርት ገቡ። የመግቢያ ካርዶቻቸው በአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ተቀምጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ቦታ ለቀቅ ሲደረግ ካርዶቹ ተወገዱ። ከዚያ ሕጉ ጠበቀና እነዚያ ልጆች፣ አሁን አያቶች የሆኑት፣ ከመቼ ጀምሮ እዚህ አገር እንደኖራችሁ አረጋግጡ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ነገሩ ገሃድ ሲወጣ ሥራቸውን ያጡ፣ ሕክምና የተከለከሉ፣ የታሰሩ፣ ከአገር የተባረሩም ነበሩ። ካርዶቹን ያስወገደው ሰው ክፋት አስቦ ነው አልልም። ለእሱ አሮጌ ወረቀት ነበሩ። ወረቀቱ የማን ሕይወት እንደታሰረበት የሚነግረው ሰው አጠገቡ አልነበረም።

አጠገቡ መኖር የነበረበት ሰው የመዝገብ ቤት ባለሙያው ነው። እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝን በግልጽ ልናገር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ለጦር ሲሾሙ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ለጽሕፈት ተሾሙ። ጽሕፈትና መዝገብ ከጦር ጎን፣ ከገንዘብ ጎን፣ ከፍርድ ጎን ተቀመጠ። በ1936 ዓ.ም. ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር፣ ሲከፈት በተሰጠው ስም ውስጥ ያለው «መዘክር» ራሱ መታሰቢያ ማለት ነው። በ1991 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 179 የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሥልጣን ተደነገገ፤ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት አገኘ። ታዲያ ዛሬ መዝገብ ቤት የት ነው ያለው? ምድር ቤት፤ መስኮት በሌለው ክፍል። ማን ይመደብበታል? ከአለቃው ጋር የተጣላ፣ ወይም «ሌላ ቦታ አይሆንም» የተባለ። ደመወዙስ? ከጥበቃው ብዙ አይርቅም። አቧራ ሲውጡ የሚውሉ፣ ሳል የያዛቸው ሴቶች አሉ፤ ጭምብል እንኳ የሚገዛላቸው የለም። የመሥሪያ ቤቱን ትዝታ ለእነሱ ሰጥተን፣ እነሱን ረሳን።

እትዬ ጡረታ የወጡት እኚያ እናት ከመጡ በስምንተኛው ወር ነው። ኬክ ተቆረሰ፣ ነጠላ ተሸለሙ። ከመሄዳቸው ሦስት ሳምንት በፊት ግን ደፍሬ ጠየቅኋቸው፤ ደብተሯን እንድናያት። ባለ ሃምሳ ሉክ ናት፤ ሽፋኗ በፕላስተር ተጣብቋል። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ ከየት ቅርንጫፍ ማን እንደመጣ፣ የተዘጋው ክፍል ፋይል በየትኛው መደርደሪያ እንደገባ፣ በጎርፍ ጊዜ የረጠቡት ፋይሎች ወዴት እንደተዛወሩ፣ ማን ስሙን በፍርድ ቤት እንደለወጠ ተጽፎባታል። አንዱ ገጽ ላይ «አሰብ፣ 4ኛ መደርደሪያ፣ ከታች፣ ቀይ ክላሴር» ይላል። ለምን እንደጻፉት ስጠይቃቸው «ልረሳ እችላለሁ ብዬ» አሉኝ።

ሦስቱን ሳምንት ከሁለት ወጣቶች ጋር አብረናቸው ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። እሳቸው እያመለከቱ፣ አንዱ ልጅ እያወረደ፣ ሌላው እየጻፈ፣ መደርደሪያዎቹ ቁጥር ተለጠፈባቸው፤ ፋይሎቹ በሥራቸው ዓይነት ኮድ ተሰጣቸው፤ በሞክሼ ፊደላት ተለያይተው የተጻፉት ስሞችም በአንድ መዝገብ ተያያዙ። ያ «እማማ፣ ለሳምንት ይመለሱ» ይል የነበረው ልጅ ነው ሲጽፍ የነበረው። በመጨረሻው ቀን እትዬ ደብተሯን ቤታቸው ሊወስዷት ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ ከዚያ መልሰው አወጧት። ልጁ ተቀብሎ ገቢ መዝገቡን ከፈተ፣ ቀኑን ጻፈ፣ ቁጥር ሰጣት።